በር ያዢዋ ሙሽራ

ሠርኬ እንደዚያ ቀን ተጨንቃ አታውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ስቃ አታውቅም፣ ሁለቱንም ያመጣባት ደግሞ አንድ በር ነው። በሩ ደግሞ በር ነው እንጂ ምን አለው፤ አረንጓዴ የተቀባ፣ ታችኛውን ጥግ አይጥ የበላው፣ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ካሉት የመንደሩ በሮች በምንም የማይበልጥ። የሚበልጠው በቁልፉ ብቻ ነው። ቁልፉ ግን፣ ኧረ ቁልፉስ ተዉት።

አባቷ አቶ ወርቁ አንዋር መስጊድ አጠገብ ጓጉንቸርና መቀርቀሪያ፣ ማጠፊያና ምስማር ይሸጣሉ። የመርካቶን ግማሽ የቆለፉ ሰውዬ የራሳቸውን ቤት የሚዘጉት ግን ጣሊያን ጥሎት በሄደ ዝገታም ቁልፍ ነበር፤ መክፈቻው ዘነዘና የሚያክል፣ ኪስ ከገባ ሱሪ የሚያስወልቅ። ያም ቢሆን ሲፈልግ ይቆልፋል፣ ሳይፈልግ ይተዋል። እናቷ እታገኝ ዕድሜ ልካቸውን "የቁልፍ ነጋዴ አግብቼ በሬን በድንጋይ አስደግፋለሁ" እያሉ ሲነጫነጩ ኖረው፣ የትልቋ ልጃቸው የታንጉት ሰርግ ሲደርስ ፈነዱ። "ያን ሁሉ የሰው ዕቃ ተውሼ በድንጋይ አላሳድርም" አሉ። አቶ ወርቁም በማግስቱ ከሱቃቸው አዲስ ባለ ሞላ ቁልፍ ይዘው መጡ።

ሲገጠም ካቻቢቴ የምታቀብለው ሠርኬ ነበረች፣ አሠራሩን ስታይማ ልታብድ ምንም አልቀራት። ምላስ አለው። የናስ ምላስ። አንዱ ጎኑ እንደ መጥረቢያ ስለት ሸርተት ያለ፣ ሌላው ጎኑ ቀጥ ያለ። በሩን ሲገፉት ሸርታታው ጎን መቃኑ ላይ ካለው ብረት ጋር ይጋጭና ምላሱ ፈርቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከኋላው ያደፈጠው ሞላ ደግሞ የት አባክ ትሸሻለህ ብሎ መልሶ ይወረውረዋል። ቀጭ። በቃ፣ ቀጥ ያለው ጎን ብረቱን ተደግፎ ቆመ ማለት ነው፣ በሬ ቢስበው አይመለስም። ከውጭ ጣት በምታህል መክፈቻ ይከፈታል፣ ከውስጥ ደግሞ ድቡልቡል እጀታውን ጠምዘዝ ነው።

ከእጀታው ሥር ደግሞ ባቄላ የምታክል ጉጥ አለች። ያቺን ጉጥ ወደ ታች ከተጫኗት ምላሱ ይደርቃል፤ ከውጭ መክፈቻም ቢያስገቡ፣ ጠበልም ቢረጩ ንቅንቅ የለም። አቶ ወርቁ ጉጧን "ዝም በል" ብለው ሰየሟት። እታገኝ ለባልም የሚገጠም አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

የድሮው ቁልፍ የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ቀረ። አቶ ወርቁ ከሰርጉ በኋላ እንጨት አስገባበታለሁ ብለው ለጊዜው ጋዜጣ ጠቀጠቁበት።

እንግዲህ ሠርኬ የጓጓችው ለሰርጉ ሳይሆን ለበር መያዙ ነው። ወጉን የማያውቅ የለም። ሙሽራው አጃቢዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን ሴቶች በሩ ላይ ይገተራሉ፣ አትገቡም እያሉ ይዘፍናሉ፣ ሚዜዎቹ ይለማመጣሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ ይሰደባሉ፣ ይገፋሉ፣ በመጨረሻም ይገባሉ። እንደሚገቡ ሁሉም ያውቃል፣ አትገቡም የሚሉትም ጭምር። ሠርኬ ግን ከጎረቤቷ ከጠሂራ ጋር ሆና ለወሬ የሚበቃ በር ልትይዝ ተዘጋጅታለች። ጠሂራ የወሎ ሰዎች ልጅ ናት፣ ሚዜ በመስደብ ደግሞ በሰፈሩ አቻ የላትም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲድር በር የምትይዘው እሷ ናት።

ሙሽራው ማዕረግ ይባላል፣ እዚያው መርካቶ ጨርቅ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነው። መልኩ መልካም፣ ጠባዩ መልካም፣ አፉ ግን የለም። ስለ እሱ የሚናገሩለት አጎቱ ግራዝማች አገኘሁ ናቸው፤ ከደብረ ማርቆስ ድረስ የመጡ፣ ጢማቸውን ሲያሹ አገር ጸጥ የሚል፣ ከወግ ስንዝር ዝንፍ ካለ ሰርግ ጥለው የሚሄዱ። አንዴ ሙሽሪት ቀና ብላ አየች ብለው የወንድማቸውን ሰርግ ጥለው ሄደዋል ይባላል።

መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እያንባረቁ ደረሱ። እታገኝ ዳሱ ውስጥ ወጥ ቤቶቹን እየተቆጡ ነበር። ታንጉትም ሴቶቹን "ሁላችሁም ውጡ፣ በደንብ ያዙልኝ፣ እኔ ነጠላዬን ላስተካክል" አለቻቸው። ወጡ። መጨረሻ የወጣችው በሩን ሳበችው፣ ቀጭ አለ።

ውብሸት፣ አንደኛው ሚዜ፣ አንገቱ ላይ ቢራቢሮ ከረባት፣ እጁ ላይ የሽቶ ጠርሙስ ይዞ ቀረበ።

"እህቶቼ፣ ከጎጃም ድረስ ስንት ወንዝ ተሻግረን መጥተን..."

"የቱን ወንዝ?" አለችው ጠሂራ። "አንተን ትናንት ሲኒማ ራስ በር ላይ ሱፍ ስትቆረጥም አላየሁህም?"

"መንታ ወንድሜ ይሆናል።"

"እንግዲያ እሱን ጥራልን፣ ከአንተ ይሻላል።"

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሚዜዎቹ ሽቶ ረጩ፣ ሴቶቹ ዘፈኑ፣ ገፉ፣ ተገፉ። ሠርኬ ላቧ እስኪንቆረቆር ከተሟገተች በኋላ፣ በቃ ይግቡ ብላ መክፈቻውን ከአንገቷ አወጣችና ሰካችው።

መክፈቻው አልዞረም።

ደግማ ሞከረች። በግራም በቀኝም ታገለችው። ድርቅ። "አልከፈት አለ" ስትል ሚዜዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

"አቤት ወግ ማወቅ" አለ ውብሸት። "ጨዋታው እንደገና ተጀመረ በሉኛ።"

"የምሬን ነው።"

"ሁሉም የምሬን ነው የሚሉት" ብሎ ሽቶውን አናቷ ላይ አንቆረቆረው።

ችግሩ ይኸው ነው። በር ከያዘች ሴት አፍ በሩ አይከፈትም የሚል ነገር ቢወጣ ማን ያምናል? እያለቀሰች ብትናገር ኖሮም ዋና ተዋናይ ናት ብለው ያጨበጭቡላት ነበር።

አቶ ወርቁ መጡ። መክፈቻውን ተቀብለው ሰኩ፣ ወዘወዙ፣ ነፉበት፣ ምራቃቸውን ቀቡት። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። የመርካቶ ቁልፍ ነጋዴ በሙሉ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ያያቸዋል፣ ከፊት ለፊታቸው የሚሸጡት ጋሽ ቡርሃን ጭምር።

"ሞላው ነው" አሉ አቶ ወርቁ።

"ወርቁ" አሉ ጋሽ ቡርሃን ረጋ ብለው፣ "እኔ ዘንድ ያለው እንዲህ አያደርግም።"

"ቡርሃን፣ ዛሬ ሰርግ ነው።"

"መናገሬ ነው እንጂ። ዲጂኖ ላስመጣ?"

አንዱ ተነስቶ ወደ ጋሽ ቡርሃን ሱቅ ሮጠ። ግራዝማች አገኘሁ ጢማቸውን ማሸት ጀምረዋል። "ጨዋታም ልክ አለው" አሉ። "ቤተ ክርስቲያን እየጠበቁን ነው። ይህ በር ካልተከፈተ መንገዱን እናውቀዋለን፣ በመጣንበት እንመለሳለን።"

ሠርኬ ግን ሌላ ነገር እያሰላሰለች ነበር። ይህ ቁልፍ ሲገጠም አብራ ውላለች፣ ሆዱን አይታለች። ሞላ ቢሰበር ምላሱ ይልፈሰፈሳል እንጂ አይደርቅም። ምላሱ የሚደርቅበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ ያም መንገድ የሚገኘው በውስጥ በኩል ነው። በውስጥ በኩል ደግሞ ያለው ሰው አንድ ነው።

ጠሂራን ነጠላሽን ዘርጊና ከልይኝ አለቻት፣ በርከክ አለች፣ ጋዜጣውን ከቀዳዳው መዘዘችና ዓይኗን ሰካች።

ታንጉት አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ራሷ ላይ የተጣለላትን መሸፈኛ ምስማር ላይ ሰቅላዋለች። እንደ እውነቱ ከሆነ ለሙሽራው ተብሎ የተቀመጠውን የዶሮ ቅልጥም እየጋጠች ነው።

"ታንጉት።"

"እ።"

"ዝም በልን ተጭነሽዋል አይደል?"

"ተጭኜዋለሁ።"

"አብደሻል? ዲጂኖ እየመጣ እኮ ነው።"

ታንጉት አጥንቱን አስቀምጣ ቀዳዳው ድረስ መጣች። "ትናንት ጥሎሽ ሲያመጡ ግራዝማች ለአባባ ያሉትን አልሰማሽም? መልሱ ካለፈ በኋላ ደብረ ማርቆስ እናወርዳታለን፣ እናቱ ብቻዋን ናት፣ ታግዛታለች አሉ። አባባ ደግሞ በይሉኝታ እሺ አለ። እኔ በርበሬ በረንዳ የስፌት መኪናዬ ላይ እያስነጠስኩ መኖር ነው የምፈልገው። ሽማግሌ ሲላክም አዲስ አበባ ነው የምንኖረው ተብሎ ነው።"

"ማዕረግስ ምን አለ?"

"ማዕረግማ ምን ይላል? ከታጨን ጀምሮ ድምፁን የሰማሁት እንደምን ዋልሽ ሲለኝና ሲያስነጥሰው ነው። በራሱ አፍ ይንገረኝ። መርካቶ ካለ እከፍታለሁ። ደብረ ማርቆስ ካለ፣ ዲጂኖውን አምጡት።"

ሠርኬ ተነስታ ቆመች። በሩ ከተሰበረ ጉጧ ተጭና ትገኛለች፤ ሙሽሪት በገዛ እጇ ሙሽራዋ ላይ ቆለፈች ተብሎ አባቷ ዕድሜ ልካቸውን አንዋር መስጊድ አጠገብ መሳቂያ ይሆናሉ። ግራዝማች ጥለው ከሄዱም ያው ነው። ታንጉት ዝም ብላ ብትከፍት ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይባል ደብረ ማርቆስ ናት፣ ሠርኬም እህት የላትም። ዲጂኖው ከጥግ ብቅ ሲል ታያት።

እና ምን አደረገች መሰላችሁ? አፏን ከፈተችና ውሸት ወጣላት።

"በኛ በመንዞች ወግ" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ሙሽራው ራሱ በበሩ ቀዳዳ ሙሽሪትን ካላናገረ በሩ አይከፈትም።"

አቶ ወርቁ ልጃቸው ቀንድ ያበቀለች ይመስል አፍጥጠው አዩዋት። እሳቸው መንዝ ተወልደው መንዝ አድገው እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። ግን ደግሞ ቁልፌ ተበላሸ ከማለት ወጋችን ነው ማለት ይሻላል፣ ነጋዴ አይደሉ? "አዎ" አሉ ቀስ ብለው። "ወግ ነው።"

"እንዲህ ያለ ወግ ሰምቼ አላውቅም" አሉ ግራዝማች።

"ጎጃም የለማ" አለች ጠሂራ። "ወሎ ግን አለ።"

ግራዝማች ዳሱን በዓይናቸው ዞሩት፣ ጥግ ላይ የጠላ ዋንጫቸውን አቅፈው የሚያንጎላጁትን እማማ ብርሃኔን አገኙ። እማማ ብርሃኔ ከመንዝ ለሰርጉ የመጡ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡ ናቸው።

"እመይቴ፣ ይህ ወግ በእውነት የመንዝ ነው?"

እማማ ብርሃኔ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ዋንጫውን አዩ፣ ግራዝማችን አዩ።

"እንዴታ" አሉ። "እኔንስ ባሌ እስኪመሽ ነው በቀዳዳ ያናገረኝ።"

"ምን አሉዎት?"

"ረሳሁት። ግን ብዙ ነበር።"

ግራዝማች ምን ይበሉ? የሰው ወግ የነካ የራሱን አስነካ ማለት ነው፣ ይህን ሲሉ የኖሩት ደግሞ ራሳቸው ናቸው። "ወግ ከሆነ ወግ ነው" አሉና በእጃቸው ምልክት ሰጡ። "ሂድ፣ ተናገር።"

ማዕረግ ወደ በሩ ሲሄድ ወደ ስቅላት የሚሄድ ይመስል ነበር። ካባውን ሰብስቦ በርከክ አለ። ሠርኬ አጠገቡ ቆማ ነጠላዋን ጋረደችለት፣ ጆሮዋን ግን አልጋረደችም።

"ታንጉት" አለ።

"ማን ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን? ድምፅህን እኮ አላውቀውም።"

"ማዕረግ። ባልሽ። ማለት፣ ከከፈትሽ።"

"ደብረ ማርቆስ ነው ወይስ መርካቶ?"

ማዕረግ ዞር ብሎ አጎቱን አየ። አጎቱ ጢማቸውን ያሻሉ። እንደገና ወደ ቀዳዳው ተጠጋ፣ ድምፁ ከሹክሹክታም ወረደ። "እዚሁ መርካቶ ቤት ተከራይቻለሁ። ለስፌት መኪናሽ የሚሆን መስኮት አለው። ለአጎቴ ግን አልነገርኩትም።"

"መቼ ልትነግረው ነው?"

"እየፈለግሁ ነበር... ጊዜ።"

"አሁን ንገረው።"

"ዓይኑን እያየሁ አልችልም፣ ታንጉት። ከልጅነቴ ጀምሮ አልችልም። እሱን ሳይ ምላሴ ይታሰራል።"

ጉጧ ጠቅ ስትል ሠርኬ ሰማች፣ እጀታው ተጠመዘዘ፣ በሩ ለአንድ ሰው ያህል ተከፈተ፣ አንድ አምባር ያለበት እጅ ወጣ፣ የሙሽራውን ካባ ጨምድዶ ያዘ፣ ሳበ። ማዕረግ ገባ። በሩ ተመለሰ። ቀጭ። ጠቅ።

ዲጂኖውን ያመጣው ሰው ዲጂኖውን እንደታቀፈ ቀረ።

ግራዝማች ወደ እማማ ብርሃኔ ዞሩ። "ይህም የመንዝ ነው?"

"ይሄ እንኳ አዲስ ነው" አሉ እማማ ብርሃኔ። "ግን ጥሩ ነው።"

"አጎቴ" የሚል ድምፅ መጣ።

ሰው ሁሉ ተናጋሪውን ፍለጋ ዙሪያውን አየ። "ማን ነው እሱ?" አለ ውብሸት፣ የልብ ጓደኛው።

"አጎቴ፣ ማዕረግ ነኝ። ደብረ ማርቆስ አንሄድም። እዚህ ቤት ተከራይቻለሁ።" በመሃላቸው ጣውላ ሲገባ ጊዜ እንዴት ያለ ድምፅ አወጣ መሰላችሁ፤ ደህና አድርጎ የሚቀድስ ዲያቆን ነው የሚመስለው። ለካ ልጁ አፍ ሳይሆን በር ነው የጎደለው።

ግራዝማች ወደ በሩ ሄዱ። ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱ፣ ተዉት፣ ክብራቸው አልፈቀደም። ግን ቀዳዳው ዝቅ ያለ ነው። ዙሪያቸውን አዩና ጎንበስ አሉ። ግራዝማች አገኘሁ፣ ለገዢም የማያጎነብሱት፣ አይጥ ለበላው በር አጎነበሱ።

"ልጄ፣ እናትህ እኮ ብቻዋን ናት።"

"ጠይቄያታለሁ። ምራት መጥታ ጓዳዬን ከምታምሰው ብቻዬን ይሻለኛል ብላለች።"

"እሷ ናት እንዲህ ያለችው?"

"ከዚህም የከፋ ብላለች፣ እዚህ አይነገርም።"

ግራዝማች የእህታቸውን ጠባይ ስለሚያውቁት አልተጠራጠሩም። "ክፈትና እንነጋገር።"

"ቃልዎን ይስጡኝና እከፍታለሁ።"

"ካልሰጠሁስ?"

በውስጥ ሹክሹክታ ተሰማ። ከዚያ ማዕረግ፣ "ምግቡ እዚህ ብዙ ነው" አለ።

ግራዝማች ቀና ብለው ሚዜዎቹን አዩ፣ አበባ የተለጠፈባቸውን መኪኖች አዩ፣ መንገዱን አሰቡት። "ሙሽራ ልንወስድ መጥተን" አሉ ለራሳቸው፣ "ሙሽራ ሰጥተን ልንመለስ ነው።" ውብሸት ሳቁን ሽቶ ጠርሙሱ ውስጥ ደበቀው። ግራዝማች እንደገና ጎንበስ አሉ።

"ጃንሆይ ይሙቱ፣ አልወስዳትም። እዚሁ ኑሩ። ክፈት።"

"በስፌት መኪናዋም ትሰፋለች" አለ ማዕረግ፣ ታንጉት በሹክሹክታ በነገረችው ቃል።

"ትስፋ። እኔንም ትስፋኝ። ክፈት።"

ጠቅ አለች። እጀታው ተጠመዘዘ። ታንጉት ወጣች፤ መሸፈኛዋ ተስተካክሎ፣ አንገቷን ሰብራ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል፣ ወግ ከሚጠይቀው በላይ ዓይነ አፋር ሆና። ያየ ሁሉ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት አለ። እታገኝ እልል አሉ። ሠርኬ ደግሞ ደፉ ላይ ቁጭ አለች፣ ሽቶ ሽቶ እየሸተተች፣ እየሳቀች፣ እንባዋም እየመጣ፣ ለምን እንደመጣ ሳይገባት።

ሰዉ ወደ መኪኖቹ ሲግተለተል ግራዝማች ኋላ ቀሩ። በሩን ከዳር ያዙት፣ የናሱን ምላስ በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ገባ። ለቀቁት፣ ዘሎ ወጣ። እንደገና ገፉት። እንደገና። መኪኖቹ ጡሩምባ ይነፋሉ፣ እሳቸው ምላስ ይገፋሉ።

"አቶ ወርቁ" አሉ በመጨረሻ፣ "ይህቺ ጉጥ በውጭ በኩል የሆነችበት ይገኛል?"

አቶ ወርቁ የነጋዴ ፊታቸውን አበጁ። "ለጊዜው የለንም፣ ግራዝማች። ከመጣ ግን..."

ሠርኬ የአባቷን እግር ረገጠች።

"ጋሽ ቡርሃንን ይጠይቁ" አሉ አቶ ወርቁ።